ላይኛው ምንም አይሸከምም

«ምንም አልነበረበትም» አለች የሟች ሚስት። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳለችው እሷም አታውቀውም። «ቅዳሜ ጠዋት ነው። እዚያች ወንበር ላይ ወጥቶ የመጋረጃውን ዘንግ ሲሰቅል ‹እስቲ ልቀመጥ› አለ። ተቀመጠ። አለቀ።»

አሁን የገቡት ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡና እንደ መጣው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ቀና አሉ። ዘንጉ በአንድ ጫፉ ተሰቅሎ በሌላው ወደ ታች ተንጋዷል። በዚህ ሦስት ቀን ስንትና ስንት ረጅም ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ሲነሳ፣ እጁን ዘርግቶ ያቃናው አንድም የለም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩ አጠገብ ቆሞ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳል። ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ብሏል። ከታላቅ ወንድሙ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ዕቃ ፎቅ ለፎቅ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያስገባው አያውቅም። ከጎረቤት ወንበር የተዋሰው እሱ፣ ስኒ የሚሰበስበው እሱ፣ የመጣውን ተቀብሎ የሄደውን የሚሸኘው እሱ ነው። ሰዎች «እንዲህ ነው ወንድም ማለት» ይላሉ። ይህን በሰማ ቁጥር ሻዩ ከስኒው አፍ ያልፋል።

ሰው ሁሉ የሚያዝንለት ለእሱ ነው። ሚስቲቱን የሚጠረጥራት እንኳ ባይኖር፣ ራሷን በራሷ ይዛ ፍርድ ቤት አቁማለች። ይህን ያወቀው በመጀመሪያው ቀን፣ የስኒ ትሪ ይዞ ወደ ማድ ቤት ሊገባ ሲል ነው። የወንድሙ ሚስት፣ እሱ «እትዬ» የሚላት፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ሆና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች በሹክሹክታ። «ሦስት ሰዓት ሆኖ ተኝቷል። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ እንደዚያው ነው፣ ግማሽ ቀን መተኛት። ገባሁና ‹አንተ ሰው ነህ ሬሳ?› አልኩት። በዚህ አፌ። አንድ ቃል ሳይመልስ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ወጣ።»

«ተይ እንጂ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ሬሳ አልኩት እኮ።»

ታናሹ ትሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ ተመለሰ። ስኒዎቹ እንዳይንኳኩ በደረቱ ደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ገብቶ አንድ ነገር ቢናገር ይህች ሴት ሸክሟ ይወርድላታል፤ ሸክሙ ግን የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ራቱን የበላው በዚህ ቤት ነው። ልብሱን የተኮሰችለት፣ ሲያመሽ የተቆጣችው፣ ሚስት አላገባም ሲል የሳቀችበት እሷ ነች። ወንድሙን ቀብሯል፤ ይህን ከተናገረ ቤቱንም መቅበሩ ነው። ስለዚህ ስኒዎቹን ወስዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አጠባቸው።

ነገሩን ለማወቅ ሥራቸውን ማወቅ ያሻል። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቁም ሣጥን ደረጃ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ አንዱ ሰው ከታች፣ አንዱ ከላይ ይሆናል። ክብደቱ የሚያርፈው ታችኛው ላይ ነው። ታችኛው ዕቃውን አቅፎ ስለሚይዝ ፊቱ ይሸፈናል፤ ዓይኑ ላይኛው ነው። ላይኛው ጫፉን ይዞ «ግራ በል፣ ሦስት ደረጃ ቀርቷል፣ ኩርባ ነው፣ ትንሽ ቀና አድርገው» እያለ ሳያቋርጥ ይናገራል። ላይኛው ዝም ካለ ታችኛው በጨለማ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ታዲያ በጫኝና አውራጆች ዘንድ ላይኛውን ለማናደድ የሚወረወር ቀልድ አለ፤ ላይኛው ምንም አይሸከምም ይባላል። ሲቆይ ግን ቀልድነቱ ቀርቶ ሁሉም ያምንበታል።

ከሁለቱ ወንድማማቾች ታችኛው ሁልጊዜ ታላቅየው ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ። ፍሪጅ አቅፎ አምስት ፎቅ ወጥቶ ሲያበቃ ዘፈን የሚያፏጭ ሰው ነበር።

በሁለተኛው ቀን የጭነት መኪናቸው ሾፌር ከሌሎች ጫኞች ጋር መጣና ቤቱን ትንሽ ሞቅ አደረገው። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አያጣም፤ ባይኖርማ ሰው በእንባ ብቻ ሦስት ቀን አይቀመጥም።

«እናንተ ወንድማችን ትላላችሁ፣ እኛ ‹ሜትር› ነው የምንለው» አለ ሾፌሩ ጉልበቱን እያሻሸ። «ስሙ ጠፍቶን አይደለም። ከዛሬ ሁለት ዓመት ወዲህ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ዕቃውን ያስቀምጥና ሜትሩን ከኪሱ ያወጣል። ግድግዳውን ይለካል፣ ሣጥኑን ይለካል፣ ደግሞ ተመልሶ ግድግዳውን። አንድ ቀን ባዶ የልብስ ቅርጫት ይዞ ሲወጣ ሲለካ አግኝቼዋለሁ። ‹ቅርጫቱ እንዳይፀንስ ፈርተህ ነው?› አልኩት።»

ሰዎቹ ሳቁ። እትዬ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈን አደረገች።

«የእኔን ቤት ዕቃ ሲያስገቡ» አሉ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ «አንድም ግድግዳ አልጫረም። የመጻሕፍት መደርደሪያዬን አራተኛ ፎቅ ሲያወጣ በየኩርባው ይለካል። ጥንቃቄው። እንደሱ ያለ ሰው የለም አሁን።»

«አዎ፣ ጥንቁቅ ነበር» አለች እትዬ።

ታናሹ ፔርሙዙን ሊሞላ ነው ብሎ ወጣ፤ ፔርሙዙ ሙሉ ነበር። ሜትሩን እሱ አንድ ቀን በቅርብ አይቶታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ሲያወጡ፣ «ቆይ ልለካ» ብሎ ታላቅየው ወደ ግድግዳው ዞረ። የሜትሩን ጥቅል እንደተዘጋ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሽሩባዋን እንደምትቆጥር ልጅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ትንፋሹን ነበር የሚቆጥረው። ታናሹ ይህን አይቶ ምን አሰበ? ይኼ ሰው ሰነፈ ብሎ አሰበ። «ስንት ጊዜ ነው የምትለካው ጋሼ፣ ግድግዳው አያድግም» አለው። ታላቅየው ሳቀና ጥቅሉን ወደ ኪሱ መለሰ።

የነገሩ ምንጭ ከዚያ በፊት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ያ የሳንባ ቫይረስ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር መጀመሪያ የያዘው ታናሹን ነበር። ጉሮሮው እየተቃጠለ፣ ሰውነቱ እየጋለ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት ዕቃ ይጠብቃቸው ነበር። ብቻውን ማንም አይሠራውም። መጣ። ዝናብ ስለነበር የመኪናው መስኮት ተዘግቶ ሦስት ሆነው ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀው ሄዱ። ሾፌሩን አልነካውም። ታናሹ በአራተኛው ቀን ድኖ ተነሳ። ታላቅየው አሥራ ሁለት ቀን ተኛ፤ ሁለቱን ሌሊት እትዬ ቁጭ ብላ እስትንፋሱን ስታዳምጥ አነጋች።

ከዚያ ዳነ ተባለ። ትኩሳቱ ለቀቀ፣ ሳሉ ቆመ፣ ሰዉ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ግን የዳነው ሰው ሌላ ሰው ነበር። ሽንኩርት እሳት ላይ ሲያር አፍንጫው ሥር ሆኖ አይሸተውም። የከተማውን ደረጃ ሁሉ በእግሩ የሚያውቀው ሰው፣ ትናንት የሄዱበትን ቤት ቁጥር ይረሳል። አንድ ቀን ከሠራ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ነው። ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ልቡ እንደ ሯጭ ልብ ይመታል። ሐኪም ቤት ሄዶ ለምርመራ ደም ሰጠ፣ ራጅ ተነሳ፣ «ምንም የለብህም» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። እትዬ ወረቀቷን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። ከዚያ በኋላ ደከመኝ ሲል መሳቢያውን በዓይኗ ታሳየዋለች። በክፋት አልነበረም። ምንም የለበትም የተባለን ሰው ምን ብላ ታስታምመው?

ከሞቱ አራት ወር በፊት ደረጃ ላይ ዓይኑ ጨልሞበት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ታናሹን «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለው። ሌላ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ደረቱን በማሽን ረጅም ሰዓት አየችው። ቫይረሱ ራሱ ከሄደ ቆይቷል አለች። የልቡን ጡንቻ ግን አቁስሎ፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ነው የሄደው።

«እንደ መጥፎ ተከራይ» አለ ታላቅየው። «ወጥቷል፣ በሩን ግን ገንጥሎ ነው።»

ሐኪሟ ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷን ሰበሰበች። «ከባድ ነገር አትሸከም። ደረጃ አታብዛ። ደክሞህ ሳይሆን ከመድከምህ በፊት ነው የምታርፈው። ስድስት ወር እንዲህ ሁንና እናያለን። ቤተሰብ ይወቅ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ከሆስፒታሉ ወጥተው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጡ። ብዙ አልተነጋገሩም። እትዬ ከሰማች አንዲት ቀን ሥራ ላይ አታሳድረውም። ታናሹ ደግሞ ሌላ የሥራ ጓደኛ የለውም፤ ሁለት ጊዜ ከሌላ ጫኝ ጋር ሞክሮ እግራቸው አልገጥም ብሎ አንድ መስታወት ሰብሯል።

«እንግዲህ ላይኛው አንተ ሁን» አለ ታናሹ። ሐሳቡ የእሱ ነበር፤ በኋላ ስንት ጊዜ ሊረሳው ሞክሯል። «አትሸከም ነው ያለችህ አይደል? ላይኛው ምንም አይሸከምም።»

ታላቅየው ለአፍታ አሰበና ሳቀ። «እውነትህን ነው። ለሐኪሟም ብንነግራት ደስ ይላታል።»

መድኃኒቱን ታናሹ ቤት አስቀመጡት። በየማለዳው ጋቢና ውስጥ አንዲት ፍሬና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ያቀብለዋል። የሐኪም ትእዛዝ የፈጸሙ መስሏቸው ነበር። ከጫኝ በቀር ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው ያለ አይመስልም። የኋሊት ደረጃ እየወጡ፣ እያጎነበሱ፣ ያለማቋረጥ መናገር ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚበላ አንዳቸውም አላሰቡትም። ሥራው ለላይኛው ሸክም አይባልምና።

የመጨረሻው ሥራ ሐሙስ ዕለት ነበር፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ አምስተኛ ፎቅ። ታናሹ ከታች ማሽኑን አቅፎ ጉንጩ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። «ግራ» ይላል የወንድሙ ድምፅ ከላይ። «አራት ቀርቷል።» ከዚያ «ግራ» ይልና ይቆያል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ታናሹ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ተናገር እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ሆነሃል፣ ምላስህ ተቆረጠ? ልትገድለኝ ነው?»

ከላይ በጣም ቀጭን ድምፅ «ሁለት ቀርቷል» አለ። አወጡት። አርብ ተኝቶ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ገብታ ተነስ አለችው።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሰዉ ሳሳ። የእትዬ እህት የሰው ስኒና ሳህን በዘንቢል ይዛ ለጎረቤት ልትመልስ ወረደች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እትዬ ከጠዋት የቀረበላትን ምግብ አልነካችም፤ ሦስት ቀን እህል የሚባል ነገር አፏ አልገባም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሰው የረገጠውን ወለል መወልወል ማን ይከለክላታል? መስኮቱ ሥር ስትደርስ ግን ጨርቁን ይዛ ቀረች።

«ሬሳ ያልኩት እዚህ ሆኜ ነው» አለች፣ ለእሱም ለራሷም እንደሆነ ሳይታወቅ። «ሰምቶኝ ይሆን አይሆን እያልኩ አስባለሁ። ባይሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ታናሹ ወንበር እየደራረበ ነበር። ተወው።

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም።»

«ተወኝ እስቲ፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚለኝ።»

«የልብ ሕመም ነበረበት። ያኔ የታመመ ጊዜ ቫይረሱ ልቡን አቁስሎት ነበር። ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። አትሸከም፣ ደረጃ አትውጣ አሉት።»

ቀና ብላ አየችው። «መቼ?»

«አራት ወር ሆነው።»

«ወረቀቱ ምንም የለበትም ይላል። መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«ያ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው እኔ ቤት ነው ያለው። መድኃኒቱም እኔ ቤት ነው።»

እትዬ ከጉልበቷ ተነስታ ቆመች። ልታቅፈው ነው ወይስ ልትመታው ነው፣ ከፊቷ አይነበብም። «አራት ወር ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማታ ማታ እዚህ ተቀምጠህ ራት በላህ። እኔ እሱን ሰነፍ ስለው አንተ እዚህ ነበርክ። ሳህንህን አቀብለኸኝ ‹ጨምሪልኝ› ስትለኝ።»

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ…»

«ከሥራ እንዳታስቀሪው ብዬ ነው። ብቻዬን እንዳልቀር። ላይኛው ሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ትንፋሽ አጥሮት ዝም ሲል የጮህኩበትም እኔ ነኝ። በሽታውንም መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ትኩሳት እያለብኝ ሥራ የገባሁ ጊዜ።» ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ ከፍ አላለም፤ ደክሞት ነበር። «ሜትሩም ለጥንቃቄ አልነበረም። ለማረፍ ነው።»

ከታች ደረጃ ላይ የአንድ ሰው ጫማ ተሰምቶ ጠፋ። እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ፣ ደግሞ ከፍ ብሎ ወረደ። ሦስት ቀን ያልወጣላት ለቅሶ ያኔ ወጣ። ታናሹ እንዳይቀርባት ፈራ፣ እንዳይርቃትም ፈራ፤ የተደራረበውን ወንበር ይዞ ቆመ።

ብዙ ቆይታ «ሂድ አሁን» አለች ሳትዞር። «ዛሬ ልይህ አልፈልግም።»

«እሺ።»

በሩ አጠገብ ካለችው አጭር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነገ ሾፌሩ ሌላ ሰው ይዞ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ቀላል ነው ብሎታል። አንዱን ጫማ አጠለቀ። ሁለተኛውን ሊያጠልቅ ሲያጎነብስ ከትናንት ጀምሮ ደረቱን ሲከረክረው የቆየው ሳል መጣበት። በእጁ ሊያፍነው ሞከረ፤ አልታፈነለትም። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አዝሏል።

ከመስኮቱ ዘንድ የነበረው ለቅሶ ቆሟል። እርጥቡ ወለል ላይ የእግር ድምፅ መጣ። እትዬ ፊቱ ቆመች። ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ቁጣዋም እዚያው እንዳለ ነው። ጨርቅ ስትጨምቅ የቀዘቀዘ መዳፏን ግንባሩ ላይ አኖረች፤ አንገቱ ሥርም ዳሰሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት።»

«ነገ ሥራ አለህ?»

«አለ። ሾፌሩ…»

«የለህም።»

ጎንበስ ብላ ያላጠለቀውን ጫማ ከእጁ ወሰደች። ከደራረባቸው ወንበሮች አንዱን ስባ፣ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ክርችም ካለው በር ፊት ለፊት አጠገቡ ተቀመጠች።